ቅዳሜ ሞሊ አይቪንስን እናስባት

ሰላም ለሁላችሁ። ጃንዋሪ 31 ሞሊ አይቪንስ ያረፈችበት ቀን ስለሆነ የዚህ ወር ንባባችን ለእሷ ይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፣ እዚሁ ኦስቲን፣ እኔ ቤት። በሐበሻ ሰዓት ነው፣ ባለፈው የተምታታባችሁ አደራ!

ለማታውቋት፣ የቴክሳስን ፖለቲከኞች አንባቢን እያሳቀች የምትሸነቁጥ አምደኛ ነበረች። ኒው ዮርክ ታይምስም ሠርታለች፤ በ2007 በጡት ካንሰር እዚሁ ከተማችን ስታርፍ 62 ዓመቷ ነበር። ጆርጅ ደብልዩ ቡሽን "ሽረብ" ነበር የምትለው። ቡሽ ራሱ በእንግሊዝኛ ቁጥቋጦ ማለት ነው፣ እሷ ደግሞ ከዚያም አሳንሳ ትንሽዬ ቁጥቋጦ አደረገችው፤ ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ እንዲህ ያለ ነገር ይጥማል መቼም።

እያንዳንዳችሁ የወደዳችሁትን አንድ ጽሑፏን ይዛችሁ ኑ፣ ንባቡ ከ3 ደቂቃ አይለፍ። ወደ አማርኛ መልሶ የሚያነብልን ከተገኘማ እሰየው። ቡናው ከእኔ፣ ዳቦና ቆሎው ከእናንተ። ጥቁር መልበስ የለም።

አንድ የምንወስነው ነገር አለ፦ ትንሽ አዋጥተን ለአንድ የጋዜጠኝነት ተማሪ መጻሕፍት እንግዛ ወይስ ይቅር? የምትመጡም የማትመጡም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ፣ ወንበር ልበደር ነው።