ለአዘጋጁ፦ ከምረቃው ዜና ባሻገር

ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል ስኬቶች ያወጣችሁት ጽሑፍ ያተኮረው በሐኪሞች ሥልጠና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አጋርነት የተጀመረው የስፔሻሊቲ ትምህርት ምስጋና ይገባዋል። ቀድሞ ለዚህ ሙያ ባሕር መሻገር ግድ ነበር።

ለእኔ ግን የሚከብደው የቡታጅራው ጥናት ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተሉት ተመራማሪዎች፣ ሕሙማኑ ከሌላው ሰው ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አረጋግጠዋል። ከገደሏቸው ምክንያቶች ዋነኛው ተላላፊ በሽታ ነበር፤ ማለትም ጤና ጣቢያ ሊያክመው የሚችል ነገር። «አበደ» ተብሎ የተተወን ሰው ሳንባ ማን ያዳምጣል?

መፍትሔውም ከዚያው አካባቢ ተገኝቷል። የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጡት ክትትል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጡት እንደማያንስ በሙከራ ታይቷል። መድኃኒት ከጠፋ ግን ሥልጠናው ብቻውን አያድንም።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር በየጤና ጣቢያው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ስንት ቀን እንደጠፋ በየሩብ ዓመቱ ይፋ ያድርግ። ጋዜጣችሁም ቁጥሩን ከምረቃው ዜና ጎን ያትም።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ