ከ«ምርጥ ስብስቡ» ውስጥ የጠፋው ጊታር

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ «ምርጥ ስብስብ» አልበሞች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው እነዚህን አልበሞች አዲስ ሥራ ያጡ አሳታሚዎች የድሮ ዘፈን መልሰው የሚቸረችሩባቸው መላዎች አድርገው አቅርበዋቸዋል። የቁጣቸው ምክንያት ይገባኛል፤ ዒላማውን ግን የሳቱ ይመስለኛል። ዘፈኖችን ከየቦታው ለቅሞ በአንድ ላይ ማሳተም በራሱ ነውር የለበትም። የሚያስወቅሰው ዘፈኖቹን ማን እንደመረጣቸው፣ ከየት እንደመጡና ምን እንደተተወ ለአድማጭ ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ሐሳቤን ለማስረዳት የአንድ አሜሪካዊ የሶል ብሉዝ (ከጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የወጣ ስልት) ድምፃዊና ጊታሪስት፣ የሊትል ሚልተንን ነገር አነሣለሁ። እዚህ ሐዋሳ ጊታር ከማስተምራቸው ወጣቶች መካከል የእርሱን «ምርጥ ዘፈኖች» በስልካቸው ይዘው የሚመጡ አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሰውየው ጊታሪስት እንደነበረ የሚያውቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ድምፁን ይወዱታል፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን አሰካክ ያደንቃሉ፤ ጊታር መማር ሲፈልጉ ግን ወደ ሌላ ሰው ይሄዳሉ። ወጣቶቹን አልወቅስም፤ የያዙት ስብስብ ያላሳያቸውን ከየት ያውቁታል?

ሙሉ ስሙ ጄምስ ሚልተን ካምቤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 በሚሲሲፒ ግዛት ኢንቨርነስ በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወልዶ በግሪንቪል አካባቢ አደገ። አባቱም ሚልተን የሚባሉ ገበሬና የአካባቢው ብሉዝ ተጫዋች ስለነበሩ ልጁ «ትንሹ ሚልተን» እንደተባለ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለው የሙያ ሕይወቱ ከአንዱ አሳታሚ ወደ ሌላው የተደረገ ረጅም ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953፣ ማለትም ኤልቪስ ፕሪስሊ የመጀመሪያ ሸክላውን ከማሳተሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሙዚቀኛው አይክ ተርነር አማካይነት ከአሳታሚው ከሳም ፊሊፕስ ጋር ተዋውቆ በሜምፊስ ለእርሱ ድርጅት ለሰን ሪከርድስ ተቀረጸ። በ1957 ሚቲዮር ለተባለ ድርጅት ሠራ። በ1958 ወደ ኢስት ሴንት ሉዊስ ተሻግሮ ቦቢን የተባለው አሳታሚ እንዲቋቋም ረዳ፤ አልበርት ኪንግንና ፎንቴላ ባስን የመሳሰሉ ሙዚቀኞችንም ወደዚያው አመጣ። በ1961 የቺካጎው ቼስ ኩባንያ ክፍል ወደሆነው ቼከር ገባ፤ በ1971 ወደ ሜምፊሱ ስታክስ ተዛወረ። ስታክስ በ1975 ሲከስር በሌሎች ኩባንያዎች በኩል አልፎ በ1984 በሚሲሲፒ ጃክሰን ከተማ ከሚገኘው ማላኮ ጋር ሥራ ጀመረና ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆየ። በ2005 በሜምፊስ ሲያርፍ የመጨረሻ አልበሙ በዚያው ዓመት በሌላ አሳታሚ ወጥቶ ነበር።

ይህንን ሁሉ የዘረዘርሁት የዚህ ዓይነቱ ሙዚቀኛ «ምርጥ ስብስብ» እንዴት እንደሚሠራ ያለዚህ ስለማይገባ ነው። በዚያ ዘመን የተቀረጸው ዋና ቅጂ (ሌሎቹ ቅጂዎች ሁሉ የሚባዙበት) ንብረትነቱ በአብዛኛው የዘፋኙ አልነበረም፤ የአሳታሚው ነበር። አሳታሚው ሲሸጥ ቅጂውም አብሮ ይሸጣል። ቼስ በ1969 ጂ አር ቲ ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ፤ በ1975 ወደ ኦል ፕላቲነም፣ በ1985 ደግሞ ወደ ኤም ሲ ኤ ተላለፈ። የሰን ቅጂዎች በ1969 ሌላ ባለቤት አገኙ፤ የስታክሶቹም ከኪሳራው በኋላ በሌላ መንገድ ሄዱ። ስለዚህ ኤም ሲ ኤ የሊትል ሚልተንን «ምርጦች» ሲያወጣ ለስታክስ የሠራውን አንድ ዘፈን እንኳ ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ማስገባት አይችልም፤ ማላኮም በተራው ስብስብ ሲያወጣ የ1960ዎቹ ዋና ቅጂዎች በእጁ የሉም። አድማጩ «ምርጥ» የሚለውን ቃል አይቶ የሰውየው ዕድሜ ልክ ሥራ ተመዝኖ የወጣ አድርጎ ይወስደዋል፤ የተመዘነው ግን አንድ ኩባንያ በእጁ ያለው ቅጂ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ኤም ሲ ኤ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውን ባለ ሁለት ሲዲ ስብስብ አደንቃለሁ። «ዌልካም ቱ ዘ ክለብ» የሚል ርዕስ አለው፤ ከርዕሱ ሥር ደግሞ በውስጡ ያሉት የቼስ ቅጂዎች መሆናቸውን በግልጽ ያስታውቃል። ገዢው የሚገዛው አንድ የተወሰነ ዘመን መሆኑን አውቆ ይገዛል። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ለአድማጭ የተሰጠ ትልቅ ክብር አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ጊታሩ እንዴት እንደጠፋ ልመለስበት። የሊትል ሚልተን ትልቁ የገበያ ስኬት እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ የሪዝም ኤንድ ብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) የገበያ ደረጃ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣው «ዊ አር ጎና ሜክ ኢት» ነው። ድህነትን ከሚወዱት ሰው ጋር ተያይዞ ስለማለፍ የሚናገር ዘፈን በመሆኑ፣ ጥቁር አሜሪካውያን በሴልማ ለመምረጥ መብታቸው በሰልፍ በወጡበት በዚያው ዓመት ከሁለት ሰው ፍቅር ያለፈ ትርጉም ተሰጥቶት ተደመጠ። ዘፈኑ የተሠራው ግን በቺካጎ ስቱዲዮ አሠራር ነው፦ ድምፁ ከፊት፣ የትንፋሽ መሣሪያዎች ከኋላ፣ ጊታሩ በሁለቱ መካከል ተሸጉጦ። ዘመኑ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሽ ሸክላ ዘመን ስለነበር አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሬዲዮ ጣቢያዎችም ከዚያ የረዘመ አይፈልጉም። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ግጥሙ፣ አዝማቹና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ለጊታር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስብስቡን የሚያዘጋጀው ሰው የሠንጠረዥ ደረጃን ብቻ ይዞ ከመረጠ ደግሞ፣ ቀስ ብለው የሚሄዱትና ጊታሩ የሚናገርባቸው ብሉዞች ከበር ይመለሳሉ። በመድረክ ላይ የነበረውን ሚልተን ለመስማት እ.ኤ.አ. በ1973 በስዊዘርላንድ ሞንትሮ ፌስቲቫል ያቀረበውን የቀጥታ ቅጂ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ይህ ቅጂ የስታክስ ስለሆነ በቼስ ስብስብ ውስጥ የሚገኝ አይደለም።

የጊታር ነገር የባለሙያ ቅብጠት እንዳይመስልብኝ እፈራለሁና ጥቂት ላብራራ። ከብሉዝ ጊታሪስቱ ቲ ቦን ዎከር ጀምሮ በእነ ቢ ቢ ኪንግ በኩል ሚልተንን ጨምሮ በወረደው አጨዋወት፣ ድምፃዊው አንድ ስንኝ ብሎ ሲያርፍ ጊታሩ መልስ ይሰጣል። አዝማሪ ግጥሙን ጥሎ ትንፋሽ ሲወስድ ማሲንቆው እንደሚቀበለው ማለት ነው። ማሲንቆውን አውጥተን የአዝማሪውን ድምፅ ብቻ ብንሰበስብ ግማሹን ንግግር ቆርጠን ጥለናል። እንዲያውም የእኛ ልጆች ከሌላው የጊታር ስልት ይልቅ ብሉዝ ቶሎ የሚገባቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የብሉዝ ጊታሪስቶች የሚመላለሱበት ባለ አምስት ድምፅ ማይነር ስኬል በፒያኖ ድምፆች ሲጻፍ ባቲ ማይነር ከምንለው ቅኝት ጋር አንድ ነው። ስልቱና ጌጡ ይለያያል፤ ጣት የሚረግጣቸው ቦታዎች ግን አንድ ናቸው። ለሐዋሳ ጀማሪ እንደ ሚልተን ያለ መምህር መቅረቱ የሚቆጨኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ራሳችን ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በኩል ያሳተሟቸው የኢትዮፒክ ተከታታይ ስብስቦች የአቶ አምሃ እሸቴን የአምሃ ሪከርድስ ሥራዎችና ሌሎችንም ለዓለም አድርሰዋል። ምርጫው የአንድ ሰው ጆሮ ምርጫ ነው፤ በዚያም ላይ ሊከራከሩበት ይቻላል። ሆኖም ከሲዲው ጋር አብሮ የሚመጣው መጽሔት ስለ ዘፋኞቹ፣ ስለ ባንዶቹና ስለ ዘመኑ ይተርካል፤ ፎቶግራፍም አለው። ስለ ሸክላ ዘመናችን ብዙ ወጣት የሚያውቀውን ያወቀው ከዚያ ነው። እኛ በአገር ውስጥ የምናዘጋጃቸው «ምርጥ» ስብስቦች ግን በአብዛኛው ከዘፋኙ ስምና ከዘፈኑ ርዕስ በቀር ምንም አይሉም። በካሴቱ ዘመን እጅግ ብዙ ድምፃውያንን ያጀበው ሮሃ ባንድ ነበር፤ የባንዱ ጊታሪስት የሰላም ስዩም ጊታር በስንት ሰው ዘፈን ውስጥ እንዳለ ከፍላሽ ላይ ዝርዝር ማንበብ አይቻልም። የካሴቱ ሽፋን ቢያንስ አቀናባሪውን፣ ገጣሚውንና አጃቢውን ባንድ ይጠቅስ ነበር። ካሴቱ ወደ ሲዲ፣ ሲዲውም ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ድምፁ ተሻገረ፤ ሽፋኑ ቀረ።

ሌላም ጣጣ አለ። በሸክላ የወጡ ብዙ ዘፈኖች ከዓመታት በኋላ በራሳቸው በዘፋኞቹ በኪቦርድ አጃቢነት እንደገና ተቀርጸዋል፤ ይህ በአሜሪካም የተለመደ ነው፤ ዘፋኙ የአሮጌው ቅጂ ባለቤት ስላልሆነ ለአዲሱ አሳታሚ ደግሞ ይዘፍነዋል። ይህንን ማድረግ መብቱ ነው። ነገር ግን በከተማችን ሙዚቃ ቤቶች በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ በሚጫነው «የድሮ ምርጥ» ውስጥ ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ርዕስ፣ ያለ አንዳች ዓመተ ምሕረት ተደባልቀው ይገኛሉ። በፍቅር ሐይቅ ዳር በሚገኝ መዝናኛ ቁጭ ብሎ የሚያደምጥ ወጣት በፕሮግራም የተሠራውን ከበሮ ሰምቶ «የድሮ ሙዚቃ እንዲህ ነበር» ቢል ማን ያርመዋል? የሚጭነው ነጋዴም መረጃው ስለሌለው ሊነግረው አይችልም። በዚህ ላይ የባለ መብቱ ፈቃድ መኖር አለመኖሩ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪው የሥራው ባለቤትነት እንዲታወቅለት የመጠየቅ የሞራል መብት ሰጥቶታል፤ ገጣሚውና የዜማ ደራሲው ግን ስማቸው ከፋይሉ ላይ ስለጠፋ መብቱ እንደተጣሰ እንኳ ላያውቁ ይችላሉ።

የጽሑፉ አቅራቢ ስብስብ አልበም ይቅር ብለው ቢፈርዱ በእነዚህ ችግሮች ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። ስብስብ ባይኖር ሊትል ሚልተን ሐዋሳ አይደርስም ነበር፤ የቀድሞዎቹ ሸክላዎቹ ዛሬ ከጥቂት ሰብሳቢዎች እጅ በቀር የሚገኙ አይደሉም። የእኛዎቹም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የምጠይቀው ስብስቡ እንዲሻሻል ነው። አሳታሚዎች ለእያንዳንዱ ዘፈን የተቀረጸበትን ዓመት፣ የመጀመሪያ አሳታሚውን፣ አጃቢውን ባንድና የሚታወቅ ከሆነ ዋና ዋና ተጫዋቾቹን ይጻፉ፤ ዲጂታል ከሆነም ይህ በፋይሉ መግለጫ ውስጥ ይግባ። እንደገና የተቀረጸ ከሆነም «እንደገና የተቀረጸ ነው» ይበሉ። ከሠንጠረዥና ከዝና ባሻገር ሙዚቀኛው መሣሪያውን የሚያሳይበት አንድ ሁለት ዘፈን መጨመርም አይጎዳቸውም።

ጋዜጣችሁንም የማስቸግረው አለኝ። ዓምደኞቻችሁ አዲስ የስብስብ አልበም ሲገመግሙ ስለ ዘፈኖቹ ጣዕም ከመጻፋቸው በፊት ስብስቡ የየትኞቹን ዓመታትና የየትኛውን አሳታሚ ሥራ እንደያዘ፣ የትኛውን ዘመን እንደተወና ማብራሪያ እንዳለው ለአንባቢ ቢያስታውቁ መልካም ነው። አንባቢዎችም በየቤታቸው ያሉትን የካሴት ሽፋኖች፣ ካሴቱ ራሱ ባይሠራም እንኳ፣ እንዳይጥሏቸው በዓምዳችሁ ብታሳስቡልኝ፤ በሐዋሳም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ስለ አጃቢ ሙዚቀኞች የቀረን የጽሑፍ መረጃ በአብዛኛው እነዚያ ሽፋኖች ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጊታር መምህር፣ ከሐዋሳ