ላይሰንስ መመለስ ከክሱ አያድንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በዋሽንግተን ዙሪያ ባለው ማኅበረሰባችን ላይሰንስ የሚሰጠውና የሚነጥቀው የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ምርመራ የከፈተባት ነርስ ቶሎ ከምትሰማቸው ምክሮች አንዱ «ላይሰንሱን መልሰሽላቸው ተገላገዪ፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም» የሚል ነው። (ወንድ ነርሶች ይቅር ይበሉን፣ «እሷ» እያልን እንቀጥላለን።) መካሪዎቹ የሚያስቡላት ናቸው፤ ምክሩ ግን ገደል ይከታታል።

ምርመራ ላይ ሆኖ ላይሰንስ መመለስ ሥራ እንደመልቀቅ አይደለም። ቦርዱ ጉዳዩን በ30 ቀን ውስጥ ለብሔራዊው የጤና ባለሙያዎች መረጃ ቋት ያስተላልፋል፤ እዚያ የገባ መዝገብ ዓመታት ስላለፉ አይጠፋም። ሌላ ስቴት ሄዳ ብታመለክትም ይከተላታል። የባሰው ደግሞ ከፌዴራሉ ጤና መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር በኩል ይመጣል። ብቃቷን ወይም አሠራሯን የሚመለከት የዲሲፕሊን ክስ እያለባት ላይሰንሷን የመለሰችን ነርስ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ከተባሉት የመንግሥት የጤና መድን ፕሮግራሞች ሊያግዳት ይችላል። የታገደ ሰው ደመወዝ ከእነዚህ ገንዘብ ሊከፈል አይችልም፤ ሆም ኬር ይሁን ነርሲንግ ሆም፣ ሒሳብ ክፍል ይሁን አስተርጓሚነት። «ሌላ ሥራ» የተባለው አብዛኛው ያለው እዚያው ውስጥ ነው። እገዳው በራሱ ጊዜም አይነሳም፤ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። «ወደ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳትነት) እወርዳለሁ» የሚለውም አያዋጣም፤ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ሲኤንኤን የሚቆጣጠረው ያው የነርሲንግ ቦርድ ነው።

ቀጣሪ «በፈቃድሽ ልቀቂ፣ ለቦርድ አንናገርም» ሲልም ቆም ማለት ይገባል። በቨርጂኒያ ሕግ ሆስፒታል ምርመራ ላይ ያለ ባለሙያ በፈቃዱ መልቀቁን ጭምር የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

የቦርዱ የምርመራ ደብዳቤ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው የመልስ ቀነ ገደቡ ነው። ለመርማሪው ደውሎ «ነገሩ እንዲህ ነበር» ብሎ መዘርገፍ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ጠበቃ እስክይዝ ጊዜ ይሰጠኝ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ጠበቃው የነርሲንግ ቦርድ ጉዳይ ይዞ የሚያውቅ ይሁን እንጂ የትራፊክ ቅጣት ያስነሳልን ወዳጅ አይሁን። የግል የሙያ ኢንሹራንስ ካላት ውሉ ላይ የላይሰንስ መከላከያ የሚል ክፍል ትፈልግ፤ ካለ የጠበቃውን ወጪ እስከተወሰነ ጣሪያ ይሸፍናል፤ ለኩባንያው መንገር ያለባት ግን ለቦርዱ መልስ ከመስጠቷ በፊት ነው። የሆስፒታሉ ኢንሹራንስ ቦርድ ፊት አብሯት ይቆማል ብላ አትጠብቅ። ቤት ቀይራ ለቦርዱ ያላሳወቀች ደግሞ ደብዳቤው የድሮ ቤቷ ቀርቶ ጉዳዩ እሷ በሌለችበት ሊታይ ይችላል፤ ቨርጂኒያ አድራሻ ለማሳወቅ የምትሰጠው 30 ቀን ነው።

ደጋግሞ የሚነሳው የናርኮቲክ፣ ማለትም ቁጥጥር የሚደረግበት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ ጉዳይ ነው። ትዕዛዙ 1 ሚሊግራም ሃይድሮሞርፎን፣ መድኃኒት የሚወጣበት ማሽን ውስጥ ያለው ባለ 2 ሚሊግራም ቫያል (ትንሽ ጠርሙስ) ነው እንበል። ነርሷ አውጥታ 1 ትሰጣለች፤ የቀረውን 1 ሌላ ነርስ እያየች መድፋት፣ ሁለቱም ማሽኑ ላይ መመዝገብ አለባቸው። በዚያው ቅጽበት ጎረቤት ክፍል ኮድ (የነፍስ አድን ጥሪ) ይጠራል። ትሮጣለች፤ ምዝገባው ይረሳል። ከወራት በኋላ ኦዲት የሚያደርገው ሰው የሚያየው ወጥቶ የት እንደገባ ያልታወቀ 1 ሚሊግራም ነው። እንዲህ ላለው ክስ መልስ የሚሆነው የዚያ ሺፍት የሰው ድልድል፣ ኮዱ የተጠራበት ሰዓትና አብራት የነበረችው ነርስ ቃል ነው። የምታስታውሰውን በሰዓት ቅደም ተከተል ጽፋ ለጠበቃዋ ትስጥ። ቻርቱን ግን «ላጣራ» ብላ አትክፈት፤ ለሥራዋ ሳያስፈልጋት የበሽተኛ ፋይል መክፈት ራሱን የቻለ ክስ ነው፤ ኮምፒውተሩም ማን መቼ እንደከፈተ መዝግቦ ይይዛል። አሁን ገብቶ ማስተካከልማ ከተረሳው ምዝገባ የከፋ ነው።

ቃል ስትሰጥ አንድ የቋንቋ ወጥመድ አለ። መርማሪው በእንግሊዝኛ «አልሰጠሻትም?» ሲል እኛ በአማርኛ ልማዳችን «የስ» የምንለው «አዎ፣ አልሰጠኋትም» ለማለት ነው። እሱ ግን «ሰጥቻታለሁ» ብሎ ሊይዘው ይችላል። በሙሉ ዓረፍተ ነገር መመለስ ይህን ያስቀራል። ለትሕትና የሚወረወር «ይቅርታ»ም ወረቀት ላይ ሲሰፍር ጥፋትን እንደ ማመን ይነበባል።

ግሪን ካርድ ብቻ ያላት ነርስ ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ከደረሰ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክር አንድም ስምምነት አትፈርም። ከአደንዛዥ መድኃኒት ጋር የተያያዘ ጥፋተኝነት ከአገር ሊያስወጣ ይችላል፤ በስቴቱ ሕግ «ጥፋተኛ አልተባልሽም» የሚያሰኝ ስምምነት እንኳ በኢሚግሬሽን ሕግ ጥፋተኝነት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

ጉዳዩ ቀላል ከሆነ ቨርጂኒያ ውስጥ በምስጢር የሚያዝ፣ እንደ ቅጣት የማይቆጠር ስምምነት አለ፤ ጠበቃው ይህን ይጠይቅ። ላይሰንሱ ከተሰረዘ ግን እንዲመለስ ማመልከት የሚቻለው ከ3 ዓመት በኋላ ነው።

ሙያውን በእርግጥ ለመተው የቆረጠች አስቀድማ ጉዳዩን ትጨርስ፤ ከዚያ ላይሰንሱን ሥራ ላይ ያልዋለ (ኢንአክቲቭ) በሚለው ደረጃ ማቆየት ትችላለች። ንጹሕ ላይሰንስ ኬዝ ማኔጅመንትን (የበሽተኞችን ሕክምና ማስተባበርን) እና የኢንሹራንስ ግምገማን ይከፍታል። አማርኛዋና የሕክምና ቃላት እውቀቷም የሆስፒታል አስተርጓሚነት ያስገባታል፤ ለብሔራዊው የአስተርጓሚነት ፈተና ለመቅረብ ቢያንስ የ40 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። ለየትኛውም የጤና ሥራ ከማመልከቷ በፊት የዋና ኢንስፔክተሩን የእገዳ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ትይ፤ በነፃ ነው። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ስለሚጻፍ፣ ላይሰንሱ ላይ ባለውም በፓስፖርቱም አጻጻፍ ትፈልግ።

በሙያው ውስጥ ያለን አንባቢዎቻችሁ
ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ