አውሮፕላን የክት ልብስ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

የሐዋሳን ቱሪዝም ለማሳደግ በሐይቁ ላይ በትናንሽ አውሮፕላኖች የጉብኝት በረራ ቢጀመር፣ ሲቆይም የበረራ ወዳጆች ክበብ ቢቋቋም መልካም ነው የሚል ሐሳብ በከተማችን ደጋግሞ ሲነሳ እሰማለሁ። የሥራ ዘመኔን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፍኩና በጡረታ ሐዋሳ የምኖር ሰው በመሆኔ ሐሳቡን የምጠላበት ምክንያት የለኝም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ያሳሰበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። የሚወራው ሁሉ አውሮፕላኑ ከየት እንደሚገዛ፣ ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደሚከፈልና ሐይቁ ከላይ ሲታይ እንዴት እንደሚያምር ነው። አውሮፕላኑ ሌሊት የት እንደሚያድር፣ ክረምቱን በምን ሁኔታ እንደሚያሳልፍና በማን እጅ እንደሚፈተሽ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው ግን የለም።

ብዙ ሰው አውሮፕላን የሚያረጀው በመብረር ብቻ ይመስለዋል። በየዕለቱ የሚበርና ማታ ማታ ባለሙያ የሚያየው አውሮፕላን ሕመሙ ቶሎ ይታወቃል፤ ዘይቱም ይሞቃል፣ እርጥበቱም ይተናል። እንደ ክት ልብስ ለእሑድና ለበዓል ብቻ የሚወጣ አውሮፕላን ግን ማንም ሳያየው ውስጥ ውስጡን ይበላል። የመዝናኛ በረራ ደግሞ በባሕርዩ እንዲህ ነው፤ ገበያው ከጥቅምት እስከ ጥር ሞቅ ይልና ክረምት ሲገባ አውሮፕላኑ ለሳምንታት ይቆማል። ስለዚህ የሐዋሳው ዕቅድ ትልቁ አደጋ ያለው በአየር ላይ ብቻ ሳይሆን መሬት ላይ በሚቆምባቸው ቀናት ውስጥም ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ላስረዳ። በዓለም ላይ ከማንኛውም አውሮፕላን በበለጠ ብዛት የተመረተው ባለ አራት መቀመጫው ሴስና 172 ሲሆን፣ በአዳዲሶቹ ላይ የሚገጠመው የላይካሚንግ ሞተር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በላይ የተቀመጠ ነው። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀናት ባለፉ ቁጥር በካምሻፍቱ ላይ የቀረው ስስ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል፤ እንደ ሐዋሳ ባለ የሐይቅ ዳር አየር ውስጥ ደግሞ እርጥበቱ ብረቱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ከዚያ አንድ ቀን ሞተሩ ሲነሳ የዛገው ቦታ መፋቅ ይጀምራል፤ ብናኙ ከዘይቱ ጋር ይዞራል፤ ካሙ ሲበላ ቫልቮቹ የሚገባቸውን ያህል አይከፈቱም፤ ሞተሩም ጉልበቱን ቀስ በቀስ ያጣል። አምራቹ ለረጅም ጊዜ የማይበር ሞተር በልዩ ዘይት ታሽጎ እንዲቀመጥ፣ የሚበር ከሆነም በ30 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘይቱ በደንብ ሞቆ አንድ ሰዓት ያህል በአየር ላይ እንዲቆይ የሚያዝዘው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ባለንብረቶች የሚወዷትን አንዲት ልማድ ማንሳት አለብኝ። «እንዳይደርቅ» ተብሎ አውሮፕላኑ በቆመበት ሞተሩ ለአሥር ደቂቃ ይነሳና ይጠፋል። ይህ ከዝምታው የባሰ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል፤ ዘይቱ በቂ ሙቀት ካላገኘ ያ ውሃ ሳይተን ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል፤ ባለንብረቱ ሞተሩን የተንከባከበ እየመሰለው እርጥበት አጠጥቶታል ማለት ነው።

የጥገና ጊዜ የሚቆጠረው በበረራ ሰዓት ብቻ አለመሆኑም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የሞተሩ ዘይት በየ50 የበረራ ሰዓቱ ወይም በየአራት ወሩ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ይቀየራል። አጠቃላይ እድሳቱ ለብዙዎቹ የላይካሚንግ ሞተሮች 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ነው። ቀለል ባሉት አውሮፕላኖች ላይ በብዛት የሚታየው ሮታክስ 912 የተባለ ሞተር ደግሞ የጎማ ቱቦዎቹ ቢሠራም ባይሠራም በየአምስት ዓመቱ እንዲለወጡ ያስገድዳል። በዓመት 30 ሰዓት ብቻ የሚበር አውሮፕላን የ100 ሰዓት ፍተሻው እስኪደርስ ሦስት ዓመት ማለፉ ነው፤ ባለንብረቱ የቀን መቁጠሪያውን ትቶ ሰዓቱን ብቻ ካየ፣ አውሮፕላኑ ለሦስት ዓመት ሽፋኑ ሳይከፈት ሰው ሲያመላልስ ይኖራል። «ምን በረረና?» የሚለው አነጋገር በሥራ ዘመኔ ከሁሉም በላይ ያሰለቸኝ ነው።

በቆመ አውሮፕላን ላይ የሚሠራው ዝገት ብቻ አይደለም። ወፍ በሞተሩ ሽፋን ሥር ጎጆ ትሠራለች፤ አይጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ትበላለች፤ ፀሐይ የመስኮቱን ፕላስቲክ ታደበዝዛለች፤ ተርብ ደግሞ የአየር ፍጥነት በሚለካበትና ፒቶ በሚባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥ በጭቃ ቤቷን ትመርጋለች። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር እንዳይመስል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተነሳ ቦይንግ 757 ባሕር ውስጥ ወድቆ የ189 ሰው ሕይወት ሲጠፋ፣ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ለቀናት የፒቶ መሸፈኛ ሳይደረግለት ቆሞ ነበር፤ መርማሪዎቹም ቱቦውን የዘጋው ተርብ ሳይሆን እንደማይቀር ገምተዋል። አብራሪዎቹ በተሳሳተ የፍጥነት ንባብ ግራ ተጋብተው ነበር። ይህ በሠለጠነ ቡድን ከተመራ ትልቅ አውሮፕላን ላይ የደረሰ ነው፤ ብቻውን ለሚበር ጀማሪ የሚያስከትለውን መገመት አያስቸግርም። መፍትሔው ግን ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት አንድ መሸፈኛና ከበረራ በፊት እሱን ማንሳትን የማይረሳ ሰው ነው።

አንዳንዶች ሀንጋር፣ ማለትም የአውሮፕላን መጠለያ፣ ስል ብዙ ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ሕንፃ ይመስላቸዋል። ለአንድ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያስፈልገው ወለሉ የተለሰነ፣ በር ያለው፣ ነፋስ የማይነቅለው የቆርቆሮ መጠለያ ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው። ሜዳ ላይ ታስሮ ክረምት የሚያሳልፍ አውሮፕላን በርካሽ ቢገዛም በኋላ ርካሽ አይሆንም። (እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችን ውስጥ የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ከጣሊያን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2024 ስትመለስ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ለአሥርት ዓመታት መቆም የሚያምርባት ግን እንደ እሷ ሰው የማታሳፍር ናት።)

ከመጠለያው ቀጥሎ የሚመጣው የጥገና ባለሙያ ነው። ሐዋሳ ጥሩ የመኪና መካኒኮች አሏት፤ እጃቸውን አደንቃለሁ። ካንዴላ ማውጣትና ፊልትሮ መቀየር ያውቃሉ፤ ይሁን እንጂ በአውሮፕላን ላይ ሥራው የሚያልቀው ቡሎኑ ሲጠብቅ ሳይሆን በልኩ መጥበቁ ተለክቶ፣ እንዳይላላ በሽቦ ታስሮ፣ ፈቃድ ያለው ሰው አይቶት በመዝገቡ ላይ ሲፈርም ነው። ያልተጻፈ ጥገና እንዳልተሠራ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ፖርቱጋል ውስጥ ከትልቅ ጥገና የወጣ አንድ ኤምብራየር 190 ጄት የኤሌሮኖቹ (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድሉት፣ በክንፎቹ ጠርዝ ላይ ያሉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች) ገመድ ተገላብጦ በመገጠሙ፣ አብራሪዎቹ ወደ አንዱ ጎን ሲሉት ወደ ሌላው እያጋደለ ከብዙ ትግል በኋላ ነው ያረፈው። ስሕተቱ የተፈጸመው በታወቀ የጥገና ማዕከል ውስጥ ነው። መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር የቀኙ ክንፍ ኤሌሮን ወደ ላይ መነሳቱን በዓይን ማየት ግን ግማሽ ደቂቃ አይወስድም፤ ከጥገና የወጣ አውሮፕላንም የመጀመሪያ በረራው ጎብኚ የሚሳፈርበት መሆን የለበትም።

ባለሙያውን በየጊዜው ከአዲስ አበባ ወይም ከቢሾፍቱ እናስመጣለን የሚሉ አሉ። ለዓመታዊ ፍተሻ ይህ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ጠዋት ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ማግኔቶ ሲፈተሽ ሞተሩ ከወትሮው በላይ ቢንተፋተፍ፣ እንግዶቹም ገንዘብ ከፍለው ቆመው እየጠበቁ ከሆነ፣ «ዛሬ አይበርም» የሚል ሥልጣን ያለው ሰው በአካባቢው መኖር አለበት። ያ ሰው ደመወዙ በተሳፋሪ ቁጥር የሚወሰን ከሆነ ደግሞ አለ ማለት አይቻልም።

ስለ ከተማችን አየር ጥቂት ልጨምር። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቱ 28 ዲግሪ በደረሰበት ቀትር አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ 2,500 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሰማው፤ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሩብ የሚጠጋውን ጉልበቱን ያጣል፤ ፕሮፔለሩና ክንፉም እንዲሁ ይደክማሉ። የአውሮፕላን ማረፊያችን መንደርደሪያ ለትልልቅ አውሮፕላኖች የተሠራ በመሆኑ መነሳቱ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ከተነሱ በኋላ ያለው መውጣት ነው። አራት መቀመጫ ስላለውም አራት ጎልማሶችን ከሙሉ ነዳጅ ጋር ይሸከማል ማለት አይደለም። ተሳፋሪው ሊቀየም ቢችልም በሚዛን መመዘን አለበት።

ሐይቁ ሌላ ስሌት ይፈልጋል። ሴስና 172 ሞተሩ ቢጠፋ ከአንድ ሜትር ቁልቁለት ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይንሸራተታል። ከውሃው 300 ሜትር ከፍ ብሎ ሲበር ሞተሩ የከዳው አብራሪ ከሦስት ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ብቻ ይኖረዋል ማለት ነው፤ ከሐይቁ መሐል ወደ ዳር ለመድረስ ይህ አይበቃም። ለፎቶግራፍ ተብሎ ዝቅ ማለት ሊፈቀድ አይገባም፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱም ከመቀመጫ ሥር ሳይሆን ከተሳፋሪው አካል ላይ መሆን አለበት።

በአየር ላይ ካለው ሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ግን ወፉ ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው ዙሪያ የሚሰበሰቡትን አባ ኮዳዎች የማያውቅ የሐዋሳ ነዋሪ የለም፤ ጎብኚውም ከአየር ላይ ማየት የሚፈልገው ይህንኑ ቦታ ነው። ለትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የፊት መስታወት የተቀመጠው መለኪያ 1.8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወፍ ሲመታው እንዳይበሳ ነው፤ አራት ሰው የሚይዙት ትናንሾቹ እንዲህ ያለ ፈተና እንዲያልፉ እንኳ አይጠየቁም። አባ ኮዳ እስከ 9 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅም በሚወጣው አየር ላይ ክንፉን ዘርግቶ እየዞረ አውሮፕላኑ ከሚበርበት ከፍታ ይደርሳል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳው ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ የርግብ መንጋ ገብቶበት ወድቆ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሕይወታቸውን አጥተዋል። እነዚያ ርግቦች ነበሩ። ስለዚህ በረራው በማለዳ ተጀምሮ 3 ሰዓት ገደማ ላይ ቢያበቃ፣ አሞራ ገደልም ከበረራው መስመር ጨርሶ ቢወጣ ሙቀቱንም ወፉንም ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስም በአንድ ላይ ማስቀረት ይቻላል። ገቢው ይቀንሳል፤ ይቀንስ።

ነዳጁን በአጭሩ ላንሳ። የፒስተን አውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም አለው፤ ለጄት ከሚቀዳውም ሆነ ከመኪናው ይለያል፤ በየቦታው የሚገኝ አይደለም። እጥረት ሲመጣ ከማደያ የመኪና ቤንዚን ለመቅዳት የሚፈተን ሰው መኖሩ አይቀርም። ሮታክስን የመሰሉ ሞተሮች የመኪና ቤንዚን ሊቀበሉ ይችላሉ፤ ሌሎቹ ግን ያለ ልዩ ፈቃድ አይጠቀሙበትም። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ቤንዚንን ከኢታኖል ጋር የመደባለቅ ልምድ ያላት ከመሆኑም በላይ፣ ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ ያልተዘጋጀለትን ጎማም ያበላሻል። ኢታኖል መኖሩን ለማወቅ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ጥቂት ውሃ አድርጎ፣ መስመሩን አስምሮ፣ ቤንዚኑን ጨምሮ መነቅነቅ ነው፤ የውሃው መስመር ከፍ ካለ ኢታኖል አለበት። ከአውሮፕላኑ የነዳጅ ጋን ሥር ውሃ መኖሩን በየጠዋቱ ቀድቶ ማየትም፣ በተለይ ጎዶሎ ጋን ይዞ ላደረ አውሮፕላን፣ የሚታለፍ ሥራ አይደለም።

በእናንተ ጋዜጣ በኩል ለከተማው አስተዳደርና ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በሐዋሳ የመዝናኛ በረራ ለመጀመር የሚያመለክት ማንኛውም ሰው፣ አውሮፕላኑን ከማስገባቱ በፊት መጠለያው ተሠርቶ እንዲታይ፣ ነዋሪነቱ ሐዋሳ የሆነ ፈቃድ ያለው የጥገና ባለሙያ መቅጠሩ እንዲረጋገጥ፣ ከ30 ቀን በላይ ለሚቆም አውሮፕላንም የማቆያ ዕቅድ እንዲያቀርብ ይገደዳል ወይስ አይገደድም? በዓሣ ገበያው አካባቢ የሚጣለውን የዓሣ ተረፈ ምርት የሚያነሳው ክፍልስ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር ስለ ወፍ ይነጋገራል? መልሱ በዚሁ ዓምድ ቢወጣ አመልካቾቹም ሆኑ ተሳፋሪ ለመሆን የሚያስቡ ነዋሪዎች አስቀድመው ያውቁታል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ
ከሐዋሳ