ጢስ ዓባይ ለመሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ውሃውን ይጠይቅ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በበዓላት ሰሞን የምታወጧቸው የጉብኝት ጽሑፎች ጢስ ዓባይን ሲያነሱ ሦስት ቁጥር አይለያቸውም፤ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 45 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 400 ሜትር። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ነገር ግን 400 ሜትሩ ገደል ከዳር እስከ ዳር በውሃ የሚሸፈነው በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት መሆኑ አብሮ አይጻፍም። በዚህ የተነሳ በየካቲት ወይም በመጋቢት ልጆቹን ይዞ ከሩቅ የሚመጣ ሰው፣ በአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ያየውን ፏፏቴ ሲጠብቅ፣ ጥቁር ገደልና በአንድ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውሃ አይቶ ይመለሳል። ይህ በጣም ያሳዝናል፤ አስቀድሞ በማወቅ ግን ማስቀረት ይቻላል።

ወደ ፏፏቴው የሚደርሰው ውሃ በሦስት ቦታ ይቀነሳል። አንደኛው ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በሁለት በሮች ሥራ የጀመረው ይህ ግድብ በ2001 ሰባት በሮች ኖረውት፣ ከሐይቁ የሚለቀቀው ውሃ የሚወሰነው በእነዚህ በሮች ነው። ሁለተኛው ከፏፏቴው ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። እዚያ የተጠለፈው ውሃ በቦይ ወደ ጢስ ዓባይ አንድና ሁለት ማመንጫዎች ይሄድና ፏፏቴውን ዘሎ ከታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። ሦስተኛው በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2010) የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ነው። በዚያ በኩል ውሃው ከሐይቁ በዋሻ ተወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይገባል፤ ዓባይን የሚያገኘው እጅግ ወደ ታች ወርዶ ስለሆነ ፏፏቴውን ጨርሶ አያይም። መብራቱ ያስፈልጋል፤ ክርክሬ ከሱ ጋር አይደለም። ጎብኚው ግን ይህን ሳያውቅ ቀን መቁረጥ የለበትም።

ወሩን በመምረጥ ረገድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ዝናቡ በሐምሌ ስለሚበረታ ፏፏቴውም በሐምሌ የሚሞላ ይመስላል። ጣና ግን ሰፊ ሐይቅ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡለትን ውሃ ቀስ በቀስ ያጠራቅማል እንጂ እንደ ጅረት ወዲያው አይለቅም። ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ማባራት ሲጀምር፣ በመስከረም ነው። ስለዚህ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ከዚያም ውስጥ ምረጥ ብባል ከመስቀል በኋላ ያሉትን ሁለት ሦስት ሳምንታት እመርጣለሁ፤ ውሃው ገና አለ፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጭቃው መድረቅ ጀምሯል። በኅዳር አሁንም ደህና ነው። ከጥር እስከ ሰኔ መጀመሪያ ያለው ግን ዕድል ነው፤ በዚያ ወቅት የሚሄድ ሰው ለፏፏቴው ብቻ ብሎ ባይሄድ፣ ለገደሉ፣ ለድሮው ድልድይና ለእግር ጉዞው ብሎ ቢሄድ አይከፋም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር መነሳት ጥሩ ነው። በአንዳሳ በኩል አድርጎ ጢስ ዓባይ ከተማ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል መያዝ ይገባል። ከመናኸሪያ የሚነሳው ሚኒባስ ሳይሞላ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት ተብሎ የታሰበው ጉዞ ሁለት ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚብሰው በመልስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ መኪናው እየሳሳ ስለሚሄድ እስከ 9 ሰዓት ከተማዋ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። አራት አምስት ሆኖ የሚሄድ ቤተሰብ ኮንትራት ቢይዝ ይሻለዋል፤ ዋጋው ሲቆረጥ ግን «ደርሶ መልስ፣ ከአራት ሰዓት ቆይታ ጋር» ተብሎ በግልጽ ይነገር። ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ ቆይታው ላይ ነው። ስለ መንገዱ ሰላምም በዋዜማው ሳይሆን በዕለቱ ጠዋት፣ ከዚያ በኩል የመጣ ሾፌር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ትኬት የሚቆረጠው ከተማዋ ውስጥ ነው፤ መንገድ ላይ ስለሚጠየቅ አይጣል። ከዚያ ሁለት አቅጣጫ አለ። አንዱ ወደ ድሮው የድንጋይ ድልድይ ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ፏፏቴውን ከፊት ለፊት አይቶ፣ በተንጠልጣዩ ድልድይ ተሻግሮ፣ በመጨረሻ ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ አቋርጦ ወደ ከተማ የሚመለሰው ዙር ነው። ሌላው ይኸው መንገድ ተገልብጦ ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመክራለሁ፤ ዳገቱ ጉልበት ሳይደክም በጠዋት ያልቃል፣ የመጨረሻው ክፍል ሜዳ ነው። ፎቶ እያነሱ ሲሄዱ ዙሩ ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ፏፏቴው በጣም የሚያምርበት ሳምንትና ጀልባው የማይሠራበት ሳምንት አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወንዙ ሲሞላ መሻገር አደገኛ ነውና። ይህን ማወቅ የሚገባው ወንዙ ዳር ደርሶ ሳይሆን ትኬት ሲቆርጥ ነው። ጀልባው ከሌለ በመጡበት መንገድ መመለስ ስለሚኖር አንድ ሰዓት ይጨመር። ከአዛውንት ጋር የሚሄድ ሰው እንዲህ ባለ ቀን ከፊት ለፊት ካለው መመልከቻ ላይ ይመለስ፤ ከዚያ የሚታየው በቂ ነው። ጀልባው ካለም ዋጋው ሳይሳፈሩ ይቆረጥ፣ ዝርዝር ብር ይያዝ።

ድልድዩ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው። ወለሉ በሰውና በአህያ እግር ብዛት ተፍቆ ለስልሷል፤ ጠል ወይም ካፊያ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በዚህ ጉዞ እግር የሚወለምበት ቦታ ገደሉ አፋፍ አይደለም፤ ይህ ወለልና ወደሱ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ሶላቸው ያለቀ ሸራ ጫማዎች፣ ነጠላ ጫማዎችም፣ ቤት ይቅሩ። ዱላ ይጠቅማል።

የሚያዘው ነገር ብዙ አይደለም፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ ባርኔጣ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ለልጆች ቅያሪ ልብስ። ፏፏቴው ሥር ሲደርሱ ጢሱ እንደ ካፊያ ስለሚያረጥብ ለስልክ ሁለት ድርብ ፌስታል ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻ ሲሆን ቋጠሮው ላይ ውሃ ይገባል። ቀስተ ደመናውን ለማየት ፀሐይ ከጀርባ፣ ጢሱ ከፊት ይሁን፤ ደመናማ ቀን ላይ አይጠበቅ። ልጆች ከፏፏቴው በላይ ባለው ውሃ እግራቸውን እንዳይነክሩ ይከልከሉ፤ ጸጥ ያለ የሚመስለው ውሃ ጉልበት አለው፣ ቢልሃርዚያም አለበት።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት፣ በዓርብ ዕትማችሁ ጥግ ላይ ሁለት መስመር አውጡልን፤ ፏፏቴው በዚህ ሳምንት ሙሉ ነው፣ ግማሽ ነው ወይስ ቀጭን፤ ጀልባው ይሠራል ወይስ አይሠራም። ትኬት ቢሮው ስልክ ተደውሎለት በአንድ ደቂቃ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ቢሮውም ይህንኑ በጠመኔ ጽፎ መስኮቱ ላይ ቢሰቅለው፣ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሚያየውን ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር