የአያቶች ፊልም ከሰሜን ሸዋ ይሠራልን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ቢሊ ክሪስታልና ቤቲ ሚድለር የሚተውኑበትን «ፓረንታል ጋይዳንስ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ከልጅ ልጆቼ ጋር አየሁት። በ2012 እ.ኤ.አ. ቢወጣም ጉዳዩ አላረጀም። ከሥራው የተሰናበተ የቤዝቦል ጨዋታ አስተላላፊ ከባለቤቱ ጋር ሦስት የልጅ ልጆቹን ሊጠብቅ አትላንታ ይሄዳል። በዚያ ቤት ለልጅ ስኳር አይሰጥም፤ «አይሆንም» ብሎ መከልከልም አይፈቀድም። አያቶቹ የሚያውቁት አስተዳደግ ሌላ ነውና ሳቁ ከዚያ ይመነጫል። እናትየው ሥርዓት በማበጀቷ መሳቂያ መሆኗ ግን በዝቶብኛል፤ ልጆቿን ወዳ ነው።

ልቤን የነካው መካከለኛው ልጅ ነው። ይንተባተባል። አያቱ የሚወደውን የድሮ የቤዝቦል ስርጭት በቃሉ ይዞ በሰው ፊት ሳይደናቀፍ ሲወጣው እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

በአማርኛ ፊልሞቻችን አያት ብዙ ጊዜ የሚታየው አልጋ ላይ ሲያቃስት፣ ለሽምግልና ሲላክ ወይም ከገጠር መጥቶ ሲሳቅበት ነው። ልጅ የሚያሳድግ፣ የሚቆጣ፣ የሚሳሳትና የሚያስቅ አያት የት አለ?

ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ መንዝና ወደ አንኮበር የሚላኩትን ልጆች ፊልም ሠሪዎቻችን መጥተው ይመልከቱ። እናት በስልክ «ብርድ እንዳይመታቸው፣ ጣፋጭ እንዳይበሉ» ትላለች፤ አያት «እሺ ልጄ» ብላ በቅቤ የታሸ በሶ ታጎርሳቸዋለች። ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልሽ» ሲባሉ «ምን አውቅልህ» ይላሉ። መልሱ ሲጠፋቸው «አገር ስጠኝ» ይመጣል። አንዱ አንኮበርን ይሰጣል፤ አያት «ዳገቱን አልችለውም፣ ሌላ ስጠኝ» ይላሉ። አዲስ አበባን ሲሰጣቸው እዚያ ሄደው የበሉትንና የጠጡትን እየዘረዘሩ የተሸነፈውን ያበሽቁታል። ልጁ አገሩን ለማስመለስ በማግስቱ ከጎረቤት አዲስ እንቆቅልሽ ሲለቅም ይውላል። ከዚህ በላይ ምን ኮሜዲ ይፈለጋል?

ስለዚህ በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ደራሲዎቹንና ዳይሬክተሮቹን ጠይቁልን። ሥራው ቅንጡ ቤትና ውድ መኪና አይፈልግም፤ የደጋ ቤት፣ ካሜራ የማይፈሩ ልጆችና ሁለት አንጋፋ ተዋንያን ይበቁታል። አንጋፋዎቹ በመካከላችን ሳሉ ቢጀመር ደስታዬ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አያት፣ ከደብረ ብርሃን