ኮሪደር ላይ ስለሚጠብቁት ሰዎች፦ ለሱስ ሕክምና ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፦

የዛሬ ስድስት ዓመት ከአንድ የሱስ ሕክምና ማዕከል በዘጠነኛው ቀኔ «ተሽሎታል» ተብሎ ተጽፎልኝ ወጣሁ። ወረቀቱ እስካሁን አለኝ። ስሜ፣ ዕድሜዬ፣ የወሰድኳቸው መድኃኒቶችና የሐኪሙ ፊርማ አሉበት። ባለቤቴ ግን የትም ቦታ የለችበትም። ዘጠኙንም ቀን እየተመላለሰች ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። አንድም ሰው አላነጋገራትም። በመጨረሻው ቀን ነርሷ የመድኃኒት ከረጢቱን አስይዛት «ይኸው ባልሽ» አለቻት፤ እንደተጠገነ ዕቃ ተረክባኝ ወደ ቤት ሄድን።

ወቀሳው ሳይመጣ ምስጋናዬ ይቅደም። እነዚያ ዘጠኝ ቀናት ሕይወቴን አትርፈውታል። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ካቆመ፣ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 48 ሰዓታት ውስጥ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ቀንና ሌሊቱን የሚያምታታ፣ የሌለ ነገር የሚያሳይ፣ ካልታከመም የሚገድል ቅዠት ሊመጣበት ይችላል። እኔ በሦስተኛው ሌሊት ከግድግዳው ላይ ጉንዳን ስለቅም አድሬያለሁ። ጉንዳን አልነበረም። ስለዚህ «ወንድ ከሆነ በራሱ ያቁም» የሚል ሰው ምክር ሊሰጥዎ ቢመጣ አይስሙት።

ሆኖም ሰውነት በአንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ዘለግ ባለ ጊዜ ከመጠጡ ይላቀቃል። እንቅልፉና ስሜቱ እስኪስተካከል ወራት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ በሙሉ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የእርስዎ መሥሪያ ቤት የለም።

ቤቴ ምን እንደነበር ልንገርዎ። በጠጪነቴ ዘመን ለልጃችን ትምህርት የተቀመጠ ገንዘብ ከቁም ሳጥን ጠፋ። የወሰድኩት እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከእኛ ጋር ይኖር ነበርና ጥርጣሬው በእሱ ላይ ሲያርፍ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሁለት ቀን «ልጁ ከእነማን ጋር እንደሚውል ታውቂያለሽ?» ብያለሁ። ልብሱን ሰብስቦ ወጣ። ከስካሬ ሁሉ ይልቅ ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ ንጹህ ሆኜ የተናገርኩት ዓረፍተ ነገር ነው። ያን ቀን አልጠጣሁም ነበር፤ ሱስ ሰውን የሚያዋሸው ሲጠጣ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ እኔ ከማዕከሉ «ተሽሎኝ» ስመለስ ይህ ሁሉ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ ከዘገየሁ ባለቤቴ መስኮቱ ላይ ናት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ከዘጋሁት ፊቷ ይለወጣል። የሰባት ዓመት ልጄ ስትስመኝ ከጉንጬ ይልቅ ወደ አፌ ትጠጋ ነበር። ፍቅር መስሎኝ ነበር። ለካስ ትንፋሼን እያሸተተች ነው። እኔ ደግሞ አልጠጣሁምና ምስጋና ጠብቄ ጥርጣሬ ሳገኝ ተቆጣሁ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ሁለታችንንም አስቀምጦ «እሷ የምታደርገው ሞኝነት አይደለም፤ አንተም የምትጠይቀው ገና ያልሠራህበትን ደመወዝ ነው» ቢለን ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር። የሚለን ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ወር አገረሸብኝ።

ወደ ማዕከሉ ስመለስ «አንድ ጊዜ ዕድል ተሰጥቶሃል» ተብዬ በወረፋው መጨረሻ ተመዘገብኩ። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ከፍ ሲልበት «ባለፈው አክመንህ ነበር» ተብሎ ይመለሳል? እ.ኤ.አ. በ2000 ቶማስ ማክሌላንና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ሱስን ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከአስም ጋር አነጻጽረዋል። ዛሬ የአሜሪካ ብሔራዊ የሱስ ጥናት ተቋም የሚጠቅሰው አኀዝ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት የሱስ ታካሚዎች እንደሚያገረሽባቸው፣ በደም ግፊትና በአስም ደግሞ ከ50 እስከ 70 በመቶ እንደሚደርስ ያሳያል። ማገርሸት በሕመሙ ውስጥ ያለ ነገር ከሆነ ቅጣት ሳይሆን ፈጣን ሕክምና ይገባዋል። ሱሱ የሄሮይን ዓይነት ሲሆን ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ለጥቂት ሳምንታት የታቀበ ሰውነት የቀድሞውን መጠን መሸከም አይችልምና ያገረሸበት ሰው በድሮው ልክ ሲወስድ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው በወረፋ ማስጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሁለተኛውን ሕክምና ያገኘሁት በሌላ ቦታ ነው። እዚያ የነበረች አማካሪ በመጀመሪያው ቀን ከእኔ ይልቅ ባለቤቴን አየት አድርጋ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለቻት። ባለቤቴ ግማሽ ሰዓት አለቀሰች። ቀጥሎ የሰጠችን ነገር በጣም ቀላል ከመሆኑ የተነሣ የልጆች ጨዋታ መስሎኝ ነበር። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ እኔ «ትናንት አልጠጣሁም፤ ዛሬም ላለመጠጣት አስቤአለሁ፤ ስለረዳሽኝ አመሰግንሻለሁ» እላለሁ። እሷም «ትናንት ስላልጠጣህ አመሰግንሃለሁ» ትላለች። መድኃኒቴን እያየችኝ እውጣለሁ፤ የቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት እናደርጋለን። አበቃ። በዚያች ቅጽበት ያለፈውን ማንሳት አይፈቀድም፣ የነገን ፍርሃት ማውራትም አይፈቀድም። ለዚያ የሚሆን ሌላ ሰዓት አለ፤ አማካሪዋ ፊት።

ይህ የአማካሪዋ ፈጠራ አይደለም። ቲሞቲ ኦፋሬል የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለአሥርተ ዓመታት የሠሩበት የጥንዶች ሕክምና አካል ነው። ታካሚው ብቻውን ከሚታከምበት መንገድ ጋር ሲነጻጸር የመጠጥ ቀናትን በመቀነስም ሆነ ትዳርን በማሻሻል የተሻለ ውጤት ማሳየቱ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ጥቅሙ ለእኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ስትጠብቀኝ የምትውለው የምትጠይቅበት የታወቀ ሰዓት ስላልነበራት ነው። ሰዓቱ ሲገኝላት ከመስኮቱ ወረደች። በአንድ ቀን እንዳይመስልዎ፤ አምስት ወር ፈጅቶባታል።

የወንድሟ ጉዳይ በዚህ አልተፈታም። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው የጠጪዎች ማኅበር ከአሥራ ሁለቱ የማገገሚያ ደረጃዎቹ ዘጠነኛውን የበደሉትን ሰው በቀጥታ መካስ ላይ አድርጎታል፤ ካሳው ራሱ ተበዳዩን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ካልሆነ በስተቀር። ዘጠነኛ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ፤ አንደኛ አይደለም። እኔ ከማዕከሉ በወጣሁ ማግስት ሁሉንም ሰው እየዞርኩ ይቅርታ ስጠይቅ ነበር፤ ያ ይቅርታ ለእኔ ማረፊያ እንጂ ለማንም የሚጠቅም አልነበረም። ለወንድሟ እውነቱን የነገርኩት መጠጥ በተውኩ በአሥራ አራተኛው ወር፣ ገንዘቡን በእጄ ይዤ ነው። ሰምቶኝ ሲያበቃ አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። ከሦስት ወር በኋላ ደውሎ ብድር ጠየቀኝ። ሰው ብድር ሲጠይቀኝ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

እርግጥ ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት አይደለም። ዱላ ያለበት ቤት ይህን የመሰለ ሕክምና አይመለከተውም፤ እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደኅንነት ነው። ታካሚው ካልፈቀደም ምሥጢሩ ለቤተሰብ አይነገርም። ትታ የሄደች ሚስት ወይም ትቶ የሄደ ባልም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኔ የማገግመው ሰው ሁሉ እንዲያምነኝ ተገድዶ አይደለም። የምለው፣ ለመቆየት የወሰኑት ሰዎች እጃቸው ባዶ አይቅር ነው።

ታካሚው እምቢ ባለበት ቤትም ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ የዊሊያም ሚለርና የባልደረቦቻቸው ጥናት፣ መታከም አልፈልግም ያሉ ጠጪዎች ያሏቸው 130 ቤተሰቦች በሦስት ዓይነት መንገድ ተረድተው ነበር። ክራፍት በተባለው መንገድ፣ ማለትም ሰውየው በማይጠጣበት ሰዓት መቅረብን፣ ሲጠጣ መራቅን፣ ጭቅጭቁን ትቶ ሕክምናን የሚያነሱበትን ጊዜ መምረጥን ከተማሩት ቤተሰቦች መካከል 64 በመቶዎቹ ዘመዳቸውን ወደ ሕክምና አምጥተዋል። ዘመድ ተሰብስቦ በአንድነት የሚጋፈጥበት መንገድ 30 በመቶ፣ የጠጪዎች ቤተሰቦች እርስ በርስ በሚደጋገፉበት በአል-አኖን ቡድን በኩል የተደገፉት ደግሞ 13 በመቶ ላይ ቆመዋል። ለአል-አኖን ፍትሐዊ ልሁንና፣ የእሱ ዓላማ ቤተሰቡን ራሱን ማጽናናት እንጂ ጠጪውን ማሳከም አይደለም። ሆኖም ኮሪደር ላይ የተቀመጠ ሰው ከሐኪሙ በፊት ሕክምና ሊጀምር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን ወደ ሪፖርትዎ ልምጣ። የመሥሪያ ቤትዎ ዓመታዊ ሪፖርት የሚቆጥረው ታክመው የወጡትን ነው። በዚያ ቆጠራ እኔ ሁለት ጊዜ ድኛለሁ፤ የመጀመሪያው መዳኔ ሦስት ወር ያልሞላው መሆኑ የትም አልተጻፈም። ከወጡ በአሥራ ሁለተኛው ወር ደውላችሁ ቁጠሩን። ስልኩን እኛ ሳንሆን አብሮን የሚኖረው ሰው ቢያነሳው ደግሞ ይበልጥ ትክክለኛ መልስ ታገኛላችሁ። ያገረሸበትን ወደ ወረፋ ጫፍ የሚመልሰውን አሠራር ያንሱት። ለመጠጥ ሱስ የሚሰጡት ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት የተባሉ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ገብተዋልና ሰው ከማዕከሉ ሲወጣ እነሱን የሚያገኝበት መንገድ ይኑር። በጀት እንደሚያነሱብኝ አውቃለሁ። አማካሪዋ እኔንና ባለቤቴን ያነጋገረችን በሳምንት አንድ ሰዓት ነበር፤ የእኔ ሁለተኛ የአልጋ ቆይታ ከዚያ ሁሉ ሰዓት በላይ ሳያስወጣችሁ አልቀረም።

በዚህ ጉዳይ ሊያነጋግሩኝ ቢፈቅዱ በቀጠሮው ቀን እገኛለሁ። ባለቤቴም አብራኝ ትመጣለች፤ ይህን ደብዳቤ አንብባ «ስለ መስኮቱ የጻፍከው ልክ ነው፣ አምስት ወር ያልከው ግን ዓመት ነበር» ብላኛለች። ስለዚህ ሁለት ወንበር ያዘጋጁልን።

ከአክብሮት ጋር